«እጇ ነው» አትበሉኝ!

ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ የእንግሊዝ ኳስም የለም። ዛሬ የምጣላው ስለ ጠላ ነው። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ቀጥሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ እንጅባራን አልፋችሁ ዳንግላ ሳትደርሱ አዲስ ቅዳም አለች። አክስቴ እዚያ ጠላ ጠምቃ በመሸጥ ሦስት ልጆች አስተምራለች። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ብሄድ ቤቱ ጭር ብሏል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የጠመቀችው ቀጥኖባታል። ገና ከመጀመሪያው ሲቀዳ ቅራሪ! ደንበኛው አንዴ ይቀምስና ወደ ጎረቤት ይሻገራል።

ሰፈሩ ምን አለ? ግማሹ «ሰው አይቶባት ነው» አለ። ግማሹ «እጇ ከድቷታል» አለ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ አንድ ጎረምሳ ሳይቀር «ጠላ እኮ የእጅ ነገር ነው፤ ወይ አለሽ፣ ወይ የለሽም» ብሎ አስተማረኝ። ዲግሪው ይባረክ!

እኔም የጋዜጠኝነት ዲግሪዬ ያስተማረኝን «ለምን?» የምትል ጥያቄ ይዤ ጓዳ ገባሁ።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ጠላን የሚያሞቀው አልኮል የሚመጣው ከስኳር ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው ስታርች ነው። ስታርቹን ቆራርጦ ስኳር የሚያደርገው በብቅሉ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በ1833 እ.ኤ.አ. ከብቅል ለይተው አውጥተውታል። ጌሾ መራራነቱን ይሰጣል፣ ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። የብቅልን ሥራ ግን አይሠራም። ስለዚህ ጠላ ሲቀጥን «ጌሾ ጨምሪ» የሚል መካሪ ምሬት ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ታዲያ ተጠርጣሪዎቹ እነማን ናቸው? አንደኛ፣ ብቅሉ። እርጥብ ብቅል ፀሐይ አጥቶ በጋለ ምጣድ ላይ ከደረቀ ኢንዛይሙ ይሞታል። ብቅሉ መልኩ ያምራል፣ ሥራ ግን የለውም። ሁለተኛ፣ ቂጣው። ውስጡ ልጥ ከሆነ ጥሬ ስታርች ለኢንዛይሙ አይበገርለትም። በስሎ ሳይቀዘቅዝ እንደጋለ ከብቅሉ ጋር ከተደፈደፈ ደግሞ ኢንዛይሙን ራሱን ይገድለዋል። ሦስተኛ፣ ወፍጮው። ብቅሉ ሳይደቅ ከቀረ ውስጡ ያለው ሳይወጣ ይቀራል። በሦስቱም መንገድ ስታርቹ የሚሄደው ወደ አተላው ነው። ከብቱ ይደሰታል፣ ጠጪው ያኮርፋል።

የአክስቴን ቂጣ አየሁ፤ በስሏል። ወፍጮው የዱሮው ነው። ብቅሉ ግን በዝናብ ወር ከገበያ የተገዛ ነው፤ ሲሸቱት ቆሎ ቆሎ ይላል። ከጎረቤት በበጋ ፀሐይ የደረቀ አንድ እፍኝ ብቅል ለምነን ሁለቱንም ፈተናቸው። ወፈር ያለ ሙቅ ሠርተን፣ ጣት ለአፍታ ብቻ እስኪችለው አብርደን፣ በሁለት ጣሳ ቀዳነው። ለእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ የብቅል ዱቄት አማሰልን። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ የበጋው ብቅል ያለበት ሙቅ ቀጥኖ እንደ ውሃ ተንቆረቆረ። የገበያው? ማንኪያ ያቆማል! አክስቴ ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ «ልጄ፣ እኔ እኮ ስለት ልገባ ነበር» አለች።

ቀጣዩን ብቅል ራሷ አበቀለች። ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር እያወጣች፣ ሲዘንብ እያስገባች አደረቀችው። ጠላው ጠለለ፣ ሞቀ፣ ደንበኛው ተመለሰ። ሰፈሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እጇ ተመለሰላት!»

ደሜን ያፈላው ይሄ ነው! በውጭ አገር ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ከብቅላቸው ስኳር ውስጥ ስንት በመቶውን እንዳወጡ ያሰላሉ። 75 ሲደርሱ ይፎክራሉ፤ 50 ሲወርዱ ወፍጯቸውን፣ ሙቀታቸውንና ብቅላቸውን ይፈትሻሉ። የእነሱ «ቴክኒክ» ይባላል። የእናቶቻችን «እጅ» ይባላል።

«እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ሠርተውት የለ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ! ቂጣው ይብረድ ያሉት፣ ብቅሉን ፀሐይ ላይ ያሰጡት፣ ነክሰው ጣፋጭነቱን የቀመሱት እኮ ምክንያቱን በእጃቸው ስላወቁት ነው። ይሄ እውቀት ነው። እኛ ግን «እጅ» ብለን ስም ስንሰጠው ሁለት ጊዜ እንበድላቸዋለን። ሲያምር ተሰጥኦ ነው ብለን እውቀታቸውን እንነጥቃቸዋለን። ሲበላሽ ደግሞ ጥፋቱን ሰውነታቸው ላይ እንለጥፋለን። እጅ የላትም የተባለች ሴት ምን ታሻሽላለች? እጇን ትቀይር? ብቅሏ ሞቷል የተባለች ሴት ግን ብቅሏን ትቀይራለች፣ የሸጠላትንም ትጠይቃለች።

ስለዚህ ወዳጄ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቀጭን ጠላ ሲቀርብልህ ስለ ጠማቂዋ እጅ ከማውራትህ በፊት «ብቅሉ በምን ደረቀ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ካልገባህ ጠጣና ዝም በል።

ቸር ይግጠመን!