የዘመን አቆጣጠር ማሻሻያዎችና የጥናቶቻችን ቀኖች

የዐድዋ ድል በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ሲከበር ዕለቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ማርች 2 ነው። ስለ ጦርነቱ በእንግሊዝኛና በጣልያንኛ የተጻፉ መጻሕፍት ግን ውጊያው የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 እንደ ሆነ ይናገራሉ። አንድ የታሪክ ተማሪ ይህን ልዩነት አይቶ ከሁለቱ ወገን አንዱ ተሳስቷል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የተሳሳተ የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእርግጥ ማርች 1 ነበረ፤ ዛሬ ያው የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። በመካከሉ እ.ኤ.አ. 1900 አለ። በእኛ ቀመር የ1891 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ በጎርጎርዮሳዊው ግን 1900 ለ400 የማይካፈል የመቶ ዓመት መዝጊያ በመሆኑ ፌብሩዋሪ በ28 ቀን ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፍቷል።

ይህን ምሳሌ ያነሣሁት፣ ስለ ዘመን አቆጣጠር በየመድረኩ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ «የማንኛው ይሻላል?» በሚል ጥያቄ ዙሪያ ስለሚሽከረከር ነው። አንዱ ወገን ከዓለም ጋር እንድንተካከል የራሳችንን እንተው ይላል፤ ሌላው ትክክለኛውን አቆጣጠር ጠብቀን የቆየን እኛ ብቻ ነን ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የቀመሩን ታሪክ በሚገባ አልተመለከቱም። በምርምር ሥራዎቻችን ላይ በየዕለቱ ጉዳት የሚያደርሰውም የአቆጣጠሩ ጉድለት ሳይሆን የአለዋወጥ ልማዳችን ነው።

ከታሪኩ እንነሣ። የጥንት ግብፃውያን ዓመቱን ባለ 30 ቀን በሆኑ 12 ወራትና በአምስት ተጨማሪ ቀኖች ከፍለውት ነበር። እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 በንጉሥ ጵጥሎሚዮስ ሣልሳዊ ዘመን በካኖፐስ ከተማ የተሰበሰቡ ካህናት በየአራት ዓመቱ አንድ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ደነገጉ፤ ድንጋጌው ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። አሳቡን ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያነሣው ዩልዮስ ቄሳር ነው፤ አማካሪው ሶሲጌኔስ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ እንደ ነበረ ፕሊኒ ጽፏል። የተዛነፈውን ለማስተካከል ሲባል ከክርስቶስ ልደት በፊት 46 ዓመት 445 ቀን እንዲረዝም ተደረገ። ቄሳር የወሰደው የሠግር ዓመቱን ሕግ ብቻ ነበር፤ አንዱ 31፣ አንዱ 30፣ አንዱ 28 የሆኑትን የሮማውያን ወራት እኩል አላደረጋቸውም። ግብፅ በአውግስጦስ እጅ ከወደቀች በኋላ ሠግሩ ወደ ግብፃውያኑ ዓመትም ገባ። ቅብጦችና እኛ የወረስነው ይህንኑ፣ የእስክንድርያውን ቀመር ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር እንደሚባለው ባዕድና ባዕድ ሳይሆኑ ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነታቸው፣ እኛ ሠግሩንም እኩል ወራቱንም ስንይዝ ሮማውያን ሠግሩን ብቻ መያዛቸው ነው። (የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ እርሱ የመጣው ልደተ ክርስቶስ የተሰላበት መንገድ በእስክንድርያ ሊቃውንትና በሮም በነበረው በዲዮናስዮስ ዘንድ ስለ ተለያየ ነው።)

የ1582ቱ የጎርጎርዮስ ማሻሻያም የተነሣው ከሂሳብ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ አይሞላም፤ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ይህች ጥቂት ትርፍ ተጠራቅማ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የፀደዩን የቀንና የሌሊት እኩሌታ ከማርች 21 ወደ 11 አውርዳው ነበር። ሉዊጂ ሊልዮ የተባለው ጣልያናዊ ሐኪም ያቀረበውንና ክላቪዮስ የተሟገተለትን ቀመር ጳጳሱ ተቀበሉት፤ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ኦክቶበር 15 ተባለ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ፦ አራተኛው ቀን ሐሙስ ነበረ፤ አሥራ አምስተኛው ቀን ዓርብ ሆነ። ዐሥር ቀን ሲሰረዝ የሳምንቱ ተራ አልተነካም። ያም ሆኖ ብሪታንያ እስከ 1752፣ ሩስያ እስከ 1918፣ ግሪክ እስከ 1923 ድረስ ሳይቀበሉት ቆዩ።

ከዚህ የምንረዳው፣ የእኛ ዓመት ርዝመቱ አሁንም የዩልዮስ ዓመት መሆኑን ነው። በ400 ዓመት ሦስት ቀን ያህል ከፀሐይ ይርቃል። ስለዚህ «ትክክለኛው የእኛ ነው» የሚለው አባባል በሥነ ፈለክ ረገድ አይቆምም። ይህን መቀበል ቅርሱን ማቃለል አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነውና።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ በጎርጎርዮሳዊው ረክተው አልተቀመጡም። ከማሻሻያ አሳቦቹ ሁሉ ለእኛ የሚደንቀው የፈረንሳይ አብዮት ያወጣው ነው። በ1793 የታወጀው ይህ አቆጣጠር ባለ 30 ቀን 12 ወራትና በመጨረሻ አምስት፣ በሠግር ዓመት ስድስት ተጨማሪ ቀኖች ነበሩት፤ ዘመኑም ሴፕቴምበር 22 ይጀምር ነበር። ማለትም ፓሪስ በብዙ ክርክርና በብዙ ምሁራን ድካም የደረሰችበት አወቃቀር፣ ጎንደር ላይ ማናቸውም ደብተራ ሳይማከር የሚያውቀው ነበር። ይሁን እንጂ የአብዮቱ ሰዎች እዚያ ላይ አልቆሙም። ወሩን በሦስት ዐሥር ዐሥር ቀን ከፍለው ሳምንቱን አፈረሱት። እሑድ ጠፋ፤ ሠራተኛው በሰባት ቀን አንድ ጊዜ ያርፍ የነበረው በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ሆነ። ሕዝቡ ሁለቱን እያጣቀሰ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ ናፖሊዮን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1806 ጀምሮ ሻረው።

ቀጣዩ ማዕበል የነጋዴዎችና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ነበር። ሞዝስ ኮትስዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ ወሮች እኩል ባለመሆናቸው የወር ገቢን ከወር ገቢ ማነጻጸር ስላስቸገረው ዓመቱን ባለ 28 ቀን በሆኑ 13 ወራት እንክፈል አለ፤ ተራፊዋ 365ኛዋ ቀን ከሳምንትም ከወርም ውጭ ትቆማለች። የኮዳክ ኩባንያ መሥራች ጆርጅ ኢስትማን አሳቡን ወድዶ ከ1928 ጀምሮ ኩባንያው ለውስጥ ሒሳቡ እንዲጠቀምበት አደረገ፤ እስከ 1989ም ቀጠለ። አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ አኬሊስ ደግሞ 12ቱን ወራት ሳትነካ አራቱን የዓመቱን ሩቦች እኩል 91 ቀን የሚያደርግና ዓመቱ ሁልጊዜ በእሑድ የሚጀምርበት የዓለም አቆጣጠር ይዛ ተነሣች። ጉዳዩ በ1931 በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ፣ በ1950ዎቹም በሕንድ አቅራቢነት በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ ታየ። ሁለቱም ጊዜ ሳይጸድቅ ቀረ።

ለምን? ከሂሳብ ጉድለት አልነበረም፤ በሂሳብ ከሆነ ሁለቱም አሁን ካለው ይሻላሉ። የጣላቸው ያቺ ከሳምንት ውጭ የምትቆም ቀን ናት። ከቅዳሜ ቀጥሎ ስም የሌላት ቀን፣ ከዚያም እሑድ ሲመጣ የሰባቱ ቀን ተራ በአንድ ቀን ይንሸራተታል፤ የአይሁድ ሰንበት፣ የክርስቲያኖች እሑድ፣ የሙስሊሞች ጁምዓ ከዓመት ወደ ዓመት ከቦታቸው ይሸሻሉ። የብሪታንያው ሊቀ ረበናት ዮሴፍ ሄርትስ በዚህ ምክንያት በጄኔቫ በብርቱ ተቃወሙ። ሶቪየት ኅብረትም በ1929 ባለ አምስት ቀን፣ በ1931 ባለ ስድስት ቀን የሥራ ሳምንት ሞክራ በ1940 ወደ ሰባቱ ተመልሳለች። ጎርጎርዮስ ዐሥር ቀን ሰርዞ የተሳካለት፣ ሌሎቹ አንዲት ቀን ጨምረው የወደቁት ስለዚህ ነው። ጳጉሜንም አምስት ሆነች ስድስት፣ የሳምንቱን ተራ አትነካም፤ ጳጉሜን 5 ቀን ማክሰኞ ከሆነ መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ነው።

በሀገራችን የሚቀርቡትን አማራጮች ስንመዝን ይህ ታሪክ ሊረዳን ይገባል። ፈጽሞ ወደ ጎርጎርዮሳዊው እንዙር የሚሉት፣ አርሶ አደሩ የሚዘራበትን፣ ቤተ ክርስቲያን የምትጾምበትን፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚሰጥበትን ቀመር በአዋጅ መለወጥ ቀላል እንደ ሆነ ያስባሉ። መካከለኛ መንገድ የሚያቀርቡም አሉ፦ ወራቱና ዘመኑ እንዳሉ ሆነው የሠግሩን ሕግ ብቻ ከጎርጎርዮሳዊው ጋር ማስማማት። ሕንድ በ1957 ያጸደቀችው ብሔራዊ አቆጣጠር ይህን ይመስላል፤ የራሷ ወራትና የራሷ ዘመን እያሏት የሠግር ዓመቷ ከጎርጎርዮሳዊው ጋር ይገጥማል። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የባሕረ ሐሳብ የ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር የ19ና የ28 ብዜት ነው፤ 28ቱ የቆመው በየአራት ዓመቱ ያለ ማቋረጥ በምትመጣው ሠግር ላይ ነው። አንዷን ሠግር ማጠፍ ያን ሁሉ ማናጋት ነው። በምዕት ዓመት አንድ ቀን ለማትሞላ ዝንፈት ይህን ያህል ዋጋ መክፈል ለእኔ አይታየኝም።

አቆጣጠሩ ባለበት ይቆይ ካልን ግን አለዋወጡን በሚገባ ማወቅ ግዴታችን ይሆናል። እኔ ራሴ የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ከየደብዳቤው ዓመት ላይ ሁሉ ስምንት እደምር ነበር። በኅዳር 1923 ዓ.ም. የተጻፈ ደብዳቤ በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ «1931» ሆነ፤ በጃንዋሪ 1931 የተጻፈው መልሱ ደግሞ ከጥያቄው በፊት የደረሰ መሰለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው ሰባት መሆኑን ዘንግቼ፣ መልሱ ለሌላ የጠፋ ደብዳቤ የተሰጠ እንደ ሆነ የሚገልጽ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፌበት ነበር። መካሪዬም ፈታኞቼም አላዩትም። የጠፋ ደብዳቤ አልነበረም።

በቁጥር ጥናቶች ላይ ስሕተቱ ይበልጥ ይሰወራል። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት የኢትዮጵያ መረጃ ውስጥ የልደት ወራት የተመዘገቡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተከታታይ የወር ኮድ ነው፤ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለመመለስ 92 ወር ይደመራል። ይህን ያልደመረ ተማሪ የሕፃናቱን የልደት ወር ከዝናብ መረጃ ጋር ሲያጣምር ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት ከዘነበ ዝናብ ጋር ያጣምራቸዋል። የደመረውም ቢሆን አልዳነም። መስከረም 25 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በእውነት የተወለደው ኦክቶበር 6 ቀን 2007 ሲሆን፣ 92 ሲደመር ግን ሴፕቴምበር ላይ ያርፋል። ከእያንዳንዱ ወር በአማካይ አንድ አራተኛው ያህል በዚህ መንገድ ወር ይስታል። በዓመት 12 ወር ብቻ የሚቆጥር ኮድ ለጳጉሜን ቦታ ስለሌለው እርሷም ከጎረቤቷ ወር ጋር ተዳብላ ትቀራለች። የዝናብ ወቅት በሚጠናበት ሥራ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የበጀት ዓመቱም እንዲሁ ነው። የ2012 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማለትም ጁላይ 8 ቀን 2019 ሲሆን ያበቃው ጁላይ 7 ቀን 2020 ነው። አንዱ ጽሑፍ «2019»፣ ሌላው «2020» ብሎ ሲጠቅሰው ሁለት የተለያዩ ዓመታት ይመስላሉ። በአማርኛ ጽሑፎቻችን ደግሞ «እ.ኤ.አ.» እና «እ.ኢ.አ.» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ አንድ የትየባ ግድፈት ስምንት ዓመት ይወስዳል። ጎርጎርዮሳዊውን ዓመት ጽፎ «ዓ.ም.» ብሎ መዝጋትም ተለምዷል።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎቻችን ከዘዴ ጥናት ኮርሶች ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ቢሰጡ ብዙ የሚከብዳቸው አይመስለኝም። ከዚያም በላይ አንድ ደንብ ሊወጣ ይገባል ባይ ነኝ፦ ማናቸውም ቀን በመጀመሪያ በተመዘገበበት አቆጣጠር ሳይለወጥ ይጻፍ፤ የተለወጠው ከጎኑ ይቀመጥ፤ የተለወጠበትም መንገድ ይገለጽ። ሰነዱ ቀንና ወር ከሌለው ተመራማሪው አንድ ዓመት መርጦ ከመፍረድ ይልቅ ሁለቱን ዓመታት ቢጽፍ ይሻላል። በአማርኛም ምኅጻሩን ትተን «በጎርጎርዮስ» ብለን ብንጽፍ የአንዲት ቃል ቦታ ነው የሚወስድብን።

ጉዳዩ ለመጪው ዘመንም ይቆያል። 2100 እንደ 1900 ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው ሠግር የለውም። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ታኅሣሥ 29 የሚከበረውም ልደት ጃንዋሪ 8 ቀን 2101 ይሆናል። «ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ከሠግር በኋላ ብቻ 12» የሚል ቀመር የተጻፈበት ማናቸውም የመረጃ ቋት ከዚያን ዓመት ጀምሮ ሁሉንም ቀን በአንድ ያስታል። ዛሬ በልደት ምዝገባ ቅጽ ላይ የሚጻፉት ሕፃናት ብዙዎቹ ያን ቀን በሕይወት ሆነው ያዩታል፤ መዝገባቸውም የሚሠራው አሁን እኛ በምንጽፈው ፕሮግራም ነው።