የመቶ ዶላር ባለጸጎች

ግብር የዜግነት ግዴታ መሆኑን አንክድም። ሙግታችን ሌላ ነው፦ መንግሥታችን «ከፍተኛ ገቢ» የሚለው ስንት ብር ነው?

በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ትልቁን የ35 በመቶ ምጣኔ የጫነው በወር ከ10,900 ብር በላይ በሆነ ደመወዝ ላይ ነበር። ያኔ ዶላር በ22 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር መነሻው ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። ከዚያ ወዲያ እርከኑ ለዘጠኝ ዓመታት ንቅንቅ አላለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ 30 በመቶን ሲሻገርም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅም አልተነካም። ደመወዙ በስም ያደገለት፣ በገበያ ግን የተራቆተው ሠራተኛ ሳይበለጽግ የባለጸጋውን እርከን ወጣ። ምክር ቤት ድምፅ ያልሰጠበት የግብር ጭማሪ ይሉታል እንዲህ ያለውን!

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ማሻሻያው (አዋጅ ቁጥር 1395) ሲመጣ ከግብር ነጻ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ቢዘገይም መልካም ነው። የ35 በመቶው መነሻ ግን 14,000 ብር ብቻ ሆነ፤ በወቅቱ ምንዛሬ 100 ዶላር ገደማ! የ20,000 ብር ደመወዝተኛ ቀድሞ 5,500 ብር ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ ስሌት 4,950 ብር ይከፍላል። ከዘጠኝ ዓመት የኑሮ ውድነት በኋላ የተመለሰለት 550 ብር ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በግል ቅናሽ አማካይነት እስከ 24,000 ሽልንግ (ከ180 ዶላር በላይ) ካለው ወርኃዊ ደመወዝ የገቢ ግብር አትወስድም። ናይሮቢ ሳትጀምር አዲስ አበባ ጣሪያውን ነክታለች ማለት ነው። እዚያ 35 በመቶው የሚያርፈው ከ800,000 ሽልንግ በላይ በሆነው ገቢ ላይ ነው። (የቤትና የጤና መዋጮ ይቆረጥባቸዋልና ኬንያውያን በገነት ይኖራሉ አላልንም።)

«የታክስ ገቢያችን አነስተኛ ነው» የሚል መልስ ይሰጠናል። እውነት ነው፤ በ2016 የበጀት ዓመት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 10 በመቶ እንኳ አልሞላም። ነገር ግን ያለ ደረሰኝ የሚነግደውን ማሳደድ አድካሚ ነው፤ የደመወዝተኛው ግብር ደግሞ እጁ ሳይገባ በአሠሪው በኩል ይቆረጣል። ስለዚህ በቀረበው ላይ ይበረታሉ።

በአሜሪካ የፌዴራል ገቢ ግብር እርከኖች ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር በሕግ ይስተካከላሉ። የዋጋ ንረቱን የሚያሰላ መሥሪያ ቤት እኛም አለን። ታዲያ ይህንኑ አንድ አንቀጽ አድርጎ በአዋጁ ውስጥ ለማስፈር የጎደለው ምንድን ነው?