ልጁ ሲያነብ የሚሰማው ማን ነው?

 

ረመዳን በመጣ ቁጥር የ2012 ዓ.ም ጾም በብዙ ቤቶች ይነሳል። በዚያ ዓመት መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 16 ቀን ጾሙ ሲገባ የጀመዓ ሶላት ቆሞ ስለነበር ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ። ቤታችን በአንድ ጊዜ መስጊድም ትምህርት ቤትም ሆነ።

ስለ መስጊዱ ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። መስጊድ ሲከፈት ሶፉ ብዙም ሳይቆይ ሞልቷል፤ በልጆቻችን ትምህርት ላይ የደረሰው ጉድለት ግን እስከ ዛሬ አልሞላም። ያኔ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ በዘንድሮው 2018 ዓ.ም ሰባተኛ ክፍል ነው። ስድስተኛ ክፍል የነበረው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከፊቱ ቆሟል። ስለዚህ ነገሩ ያለፈ ወሬ አይደለም፤ ዛሬ በቤታችን ቁጭ ብሎ የሚያፈጥረው ልጅ ጉዳይ ነው።

በዚያን ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን፣ በአገራችን ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ውለዋል። ትምህርቱ ጨርሶ እንዳይቋረጥ ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በሳተላይት ቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደረገ። የግል ትምህርት ቤቶችም ማስታወሻና መልመጃ በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ብዙ መምህራንም በቅንነት ለፍተውበታል።

እኛ በምንኖርበት በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ግን የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ከአውቶቡስ ተራው ጋር የተሳሰረ ነው። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ተራ አስከባሪው፣ ዕቃ ተሸካሚው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ጀበና ቡና የምታፈላው እናት፣ ሁሉም የሚያድረው መንገደኛ ሲኖር ነው። ተሽከርካሪ በግማሽ ብቻ እንዲጭን ሲታዘዝ ገቢው ወረደ። በዚህ ላይ የዛሬው ትምህርት በቴሌግራም ተልኳል የሚል መልእክት ይመጣል። ቤት ውስጥ ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ጠዋት ከአባት ጋር ይወጣል። ማታ ሲመለስ ካርድ የለውም፤ ካርድ ሲገኝ መብራት ይጠፋል። ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ አንዱን ስልክ በወረፋ መጠበቅ ነበረባቸው።

ሬዲዮውስ? በሬዲዮ የሚያስተምረው መምህር ልጁ አልገባኝም ቢለው አይቆምለትም። ስልጢኛ፣ ጉራጊኛ፣ ሀላቢኛ ወይም ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት ደግሞ እናት ልጇ የሚማርበትን ቋንቋ እንኳ በቅጡ ላትሰማው ትችላለች። “እኛ ራሳችን ያልተማርነውን እንዴት እናስተምር?” የሚለውን ጥያቄ ከስንት እናቶች ሰምተናል። አንዳንዱ አባት ደግሞ ጭንቀቱን በልጁ ላይ አወጣው፤ ልጁ የሚማርበት ነገር በማጣቱ ሰነፍ ተብሎ ተገረፈ።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ አንድ ነገር ደግሞ አስተውለናል። በሰፈራችን ካየናቸው ቤቶች ሁለቱን እናንሳ። በአንደኛው ቤት ለልጁ ታብሌት ተገዝቶለታል፤ ኢንተርኔቱም አይቋረጥም። ልጁ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ቤተሰቡም እየተማረ ነው ብሎ ያምናል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የተላኩለት መልመጃዎች አንዱም ሳይነካ ተገኘ። በሁለተኛው ቤት እናትየዋ ማንበብ አይችሉም፤ ስልካቸውም ተራ ስልክ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ከዐስር በኋላ ሽንኩርት እየከተፉ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ያለውን መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላቸው ያደርጉት ነበር። ሲጨርስ “በል አሁን ያነበብከውን በስልጢኛ ንገረኝ” ይሉታል። መናገር ካቃተው አልገባውም ማለት ነው፤ “እንግዲያው እንደገና አንብበው” ይሉታል። ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲከፈት ንባቡን አልረሳም።

እኚህ እናት ያደረጉት በቁርኣን ትምህርት ላደግን ሰዎች እንግዳ አይደለም። በሉህ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ደረሳው አንቀጹን በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፋል፤ ደጋግሞ ይቀራል፤ ከዚያ ሸይኹ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ካላሰማ ሉሁ አይታጠብም፤ ሉሁ ካልታጠበ ደግሞ አዲስ አንቀጽ አይጻፍበትም። ጽሑፉ በእጁ ስላለ ብቻ ልጁ ተምሯል አይባልም። የተማረው ሰሚ ፊት ቆሞ ያለ ስሕተት ሲወጣው ነው።

ይህ ሥርዓት ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚሁ በረመዳን ወር ነው። መልአኩ ጂብሪል በየዓመቱ በረመዳን ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እየመጣ ቁርኣንን አብሯቸው ይከልስ እንደነበር፣ በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ እንደከለሰላቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ወሕይ የወረደላቸው ነቢይ የሚሰማቸው ከተደረገላቸው፣ የአሥር ዓመት ልጅ ብቻውን ከስልክ ጋር ተዘግቶበት ይማራል ብሎ መጠበቅ እንዴት ይቻላል?

ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ በየተራ ሲከፈቱ፣ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በቀር ሌላው ተማሪ ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲያልፍ ተደርጓል። ጊዜው ያስገደደው ውሳኔ ስለሆነ ማንንም አንወቅስም። በሉህ ቤት ቋንቋ ስንናገረው ግን፣ ልጁ ሳያሰማ ሉሁ ታጠበ ማለት ነው። በላዩ ላይ አዲስ ትምህርት ተጻፈበት፤ የታችኛው ግን አልተያዘም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዚህ ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ ሁሉንም በኮሮና ማሳበብ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እነዚህ ልጆች 9ኛና 10ኛ ክፍል እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

ሴቶች ልጆቻችንን ለብቻ ማንሳት ይገባል። የ2012 ዓ.ም ጾም ሙሉ በሙሉ የዋለው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ነበር። ወንድሙ ስልኩን ይዞ መልመጃ ሲሠራ፣ እህቱ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች፤ ሾርባ ታማስላለች፤ ዕቃ ታጥባለች። ስልኩ ተራዋ ሲደርስ መግሪብ ሆኗል። ከትምህርት ቤት የራቁ ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው መዳራቸውም በተለያዩ የአገራችን አካባቢዎች በወቅቱ ተዘግቧል። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፤ የረመዳን ከሰዓት በኋላ ግን በብዙ ቤት አሁንም እንደዚያው ነው። ዕውቀትን መፈለግ በወንዱም በሴቷም ላይ ግዴታ መሆኑን በየመድረኩ እናስተምራለን። የነቢዩ ባለቤት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ታላላቅ ሶሓቦች ሳይቀሩ የሚጠይቋት ዓሊም ነበረች። ስለዚህ ጾመኛን ማስፈጠር ትልቅ አጅር ካለው፣ አጅሩ ለወንዱም ይድረሰው፤ ሳምቡሳውን እሱም ይጠቅልል፤ እህቱም ለንባቧ ጊዜ ታግኝ።

አንዳንድ ወላጅ “አስጠኚ ቀጥሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?” ይል ይሆናል። አስጠኚ መቅጠር መልካም ነው። ቢሆንም ልጅ በአላህ ዘንድ የሚጠየቁበት የወላጅ አማና ነው፤ አማናውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ መርሳት አይቻልም። ዛሬም ብዙ መምህራን የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልካሉ። ልጁ በስልኩ ላይ አጎንብሶ ስናየው ያጠናል እንላለን፤ ጎን ተቀምጦ የሰማው ሰው ከሌለ ግን ምን ላይ እንዳጎነበሰ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ሌላው ደግሞ “መስማት ብቻውን ስልክና መጽሐፍ ላጣ ልጅ ምን ያደርግለታል?” ሊለን ይችላል። እውነት ነው፤ ጆሮ መጽሐፍን አይተካም። ይህ ክፍል የአቅመኞች ነው። በበድር ዘመቻ ከተማረኩት መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችሉት፣ አሥር አሥር የመዲና ልጆችን በማስተማር ራሳቸውን እንዲዋጁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መፍቀዳቸውን የሲራ መጻሕፍት ይተርካሉ። የምርኮኛ ቤዛ እንኳ ትምህርት ከሆነ፣ የረመዳን ሶደቃችን አንድ ደርዘን ደብተር፣ አንድ መጽሐፍ ወይም የጎረቤት ልጅ የሚያነብበት መብራት ያለው ክፍል ቢሆን ምን ያንሳል?

ስለዚህ በዚህ ወር ሦስት ነገሮችን ለጀመዓችን አደራ እንላለን። አንደኛ፣ በየቤቱ በዐስርና በመግሪብ መካከል ግማሽ ሰዓት ይለይ፤ ወንዱም ሴቷም በየተራ ከትምህርት ቤት መጽሐፋቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ይስማ፤ በቤቱ ቋንቋም ያስተርክ። ልጁ ሲሳሳት አይቆጣ፤ ሸይኽም ደረሳውን የሚያርመው ደጋግሞ በማስቀራት ነው። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ የደረሱና ያጠናቀቁ ወጣቶቻችን በመድረሳዎቻችን ከቂርኣት ሰዓት ውጭ ታናናሾቻቸውን በሒሳብና በንባብ ይርዱ። ሦስተኛ፣ ልጁ ዕድሜው ከደረሰበት ክፍል በታች የሚያነብ ሆኖ ከተገኘ፣ ወላጅ ሳያፍር ወደ መምህሩ ሄዶ ይንገር። አልያዘውም የተባለ ሉህ እንደገና ይቀራል፤ በዚህ የተዋረደ ደረሳ አላየንም።

አላህ (ሱ.ወ) ጾማችንን ይቀበለን፤ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጥልን፤ ለእኛም የሚሰማ ጆሮና የሚታገሥ ልብ ያድርግልን። አሚን። ረመዳን ሙባረክ!