የቴሌቪዥን ሐራጅ ዋጋ የመኪና ዋጋ አይደለም

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ አሮጌ መኪና ነው የምጽፈው። ረዘም ስለሚል ኤርፖርት ወረፋ ላይ ያላችሁ እዚያው አንብቡት፤ መሪ የያዛችሁ ግን ስትቆሙ ይሁን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ ጃንዋሪ በገባ ቁጥር የእኔ ቴሌቪዥን ሌላ ነገር አያሳይም። መጀመሪያ ፍሎሪዳ ኪሲሚ ላይ የሜከም ሐራጅ አለ፤ ከዚያ አሪዞና ስኮትስዴል ላይ የባሬት ጃክሰን። በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ተራ በተራ መብራት ስር ይገባሉ፣ ሐራጅ ጠሪው ምላሱን እንደ መትረየስ ያንጣጣል፣ መዶሻው ይመታል፣ ቀጣዩ ይገባል። ባለቤቴ «የማትገዛውን ዕቃ ዋጋ ስትሰማ ታድራለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን የማየው ኮፈኑ ሲከፈት ውስጡን ነው። መካኒካል ኢንጂነር የነበረ ሰው ታክሲ ቢነዳም ዓይኑ ከሞተር አይነቀልም።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ነው። አንዱ ወንድማችን «ዕቁብ ወጥቶልኛል፤ ባንክ ከሚተኛ አንድ የድሮ ማስታንግ ወይም ሼቬል ገዝቼ ላስቀምጥ? ቲቪ ላይ በየዓመቱ ሲጨምር አያለሁ» አለኝ። ሁለት ሦስት ሰው ተመሳሳይ ነገር ጠይቆኛል። መልሴ አጭር ነው፦ ለመንዳት ከሆነ ግዛ፣ ለማትረፍ ከሆነ ተው። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ እነዚህ መስል ካር የሚባሉት ከየት መጡ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀነራል ሞተርስ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር በላይ ሞተር እንዳይገጠም የውስጥ ደንብ ነበረው። ፖንቲያክ ውስጥ ደግሞ ጆን ዲሎሪያን፣ ቢል ኮሊንስና ረስ ጊ የሚባሉ ኢንጂነሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ያዩት ነገር ቀላል ነው፦ የትልቁ ፖንቲያክ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ከውጭ ሲለካ ከትንሹ ቪ8 ጋር እኩል ስለሆነ እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ደንቡን ለማለፍም አዲስ ሞዴል አላሉትም፤ «ተጨማሪ ፓኬጅ» አሉት፤ ዋጋው ወደ 295 ዶላር። ጂቲኦ የተባለው ያ ነው፤ የ1964 ሞዴል። የሽያጭ ክፍሉ ለመጀመሪያ 5 ሺህ ብቻ ይበቃል ብሎ ነበር፤ በዚያው የሞዴል ዓመት ከ32 ሺህ በላይ ተሸጠ።

ሱማሌ ተራ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ሳያስረዱት ይረዳዋል። አዲስ ግኝት የለበትም። መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ አንስቶ ለሌላ የታሰበ ቦታ ላይ መግጠም ነው። የገዛውም ሚሊየነር አልነበረም፤ ደመወዝተኛ ወጣት በክፍያ የሚገዛው መኪና ነበር። ከዚያ በኋላ ፉክክሩ ጦፈ፤ ክራይስለር 426 ሄሚን ለጎዳና አወጣ፣ ሼቭሮሌ በ1970 ሼቬል ላይ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው 454 ገጠመ። ወዲያው ደግሞ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በወጣት ሹፌርና በትልቅ ሞተር ላይ ዋጋ ቆለሉ፣ የአየር ብክለት ሕግ መጣ፣ በ1973 የዓረቦቹ የነዳጅ ማዕቀብ ተከተለ፣ ጨዋታው አለቀ። በማግስቱ እነዚያ መኪኖች ቤንዚን ጠጪ ተብለው በየአሮጌ መኪና መሸጫው ፈላጊ አጡ።

እንግዲህ ዛሬ ቲቪ ላይ በሚሊዮን የሚጠራው ያ የደመወዝተኛ መኪና ነው። ለምን ቢባል፣ ብዙውን ጊዜ ያኔ ማንም ያልፈለገው ስለሆነ ነው። በ1970 ፕሊመዝ ባራኩዳ ላይ ሄሚ ሞተር ለማስገጠም ወደ 870 ዶላር ተጨማሪ ይከፈል ነበር። የመኪናውን ዋጋ ሲሶ ሊያህል ምንም የማይቀረው ነው። ስለዚህ ሰው አለፈው። በ1971 ጣሪያው የሚከፈት ሄሚ ኩዳ የተሠራው 11 ብቻ ነው። ከነዚህ አንዱ በ2014 ሲያትል ላይ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስለዚህ «የድሮ መኪና ዋጋ ይጨምራል» ስትሉ፣ የቱ? ዛሬ በየሰፈሩ የሚሸጠው ተራ ቪ8 ማስታንግ ከዚያ መኪና ጋር የሚያገናኘው ዘመኑ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሐራጁ አሠራር እንግባ። ቲቪ ላይ የምትሰሙት ቁጥር ሁሉ ሽያጭ አይደለም። ብዙ መኪኖች የሚቀርቡት ሻጩ በምስጢር ካስቀመጠው የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ጋር ነው፤ ያ ካልተደረሰ መኪናው ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ2021 ኢንዲያናፖሊስ ላይ አንድ 1971 ሄሚ ኩዳ ኮንቨርቲብል እስከ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ተጠርቶለት ሳይሸጥ ወጣ። ከተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ ግን «4.8 ሚሊዮን» አይወጣም። በእኛ አገር ደላላ «ትናንት እንዲህ ተጠይቆ እምቢ ብያለሁ» ሲላችሁ እንደምትጠራጠሩት ይህንንም ተጠራጠሩ።

ሁለተኛው የመሃል ሂሳብ ነው። መዶሻ የመታበት ዋጋ ላይ ገዢው በተለምዶ 10 በመቶ ለሐራጅ ቤቱ ይጨምራል። ሻጩም በበኩሉ ኮሚሽን ይከፍላል። በ50 ሺህ የተመታ መኪና ለገዢው 55 ሺህ ነው፤ ታክስ፣ ማጓጓዣ፣ ኢንሹራንስና ጋራዥ ገና አልተነሱም። በዓመቱ ዋጋው 10 በመቶ ጨምሮ ብትሸጡት እንኳ ኮሚሽኑ ሲነሳ ከፍላችሁ ነው የምትወጡት። ቲቪው ይህን ሂሳብ ከስክሪኑ ግርጌ አይጽፍላችሁም።

ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ዋናው ጉዳይም ይህ ነው። ክራይስለር በዚያ ዘመን ሻንሲ ቁጥሩ አምስተኛ ቦታ ላይ የሞተሩን ዓይነት ይጽፍ ነበር፤ «አር» ፊደል ካለ ፋብሪካው የገጠመው ሄሚ ነው። የ1970 ሼቬል ሻንሲ ቁጥር ግን መኪናው ኤስኤስ መሆኑን አይነግራችሁም። የ1964ቱ ጂቲኦም ተጨማሪ ፓኬጅ ስለነበረ ከቁጥሩ ላይ አይታወቅም። ታዲያ በምን ይለያል? ፋብሪካው ሲገጣጥመው በተከተለው ወረቀት፣ በመጀመሪያው የሽያጭ ደረሰኝ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ላይ በተመታው ቁጥር። ወረቀቱ አንዳንዴ ከወንበሩ ስፕሪንግ መሃል ወይም ከነዳጅ ታንከሩ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። እሱ ከሌለ፣ ተራ ሼቬል ላይ ትልቅ ሞተር ገጥሞ፣ ባጅ ለጥፎ፣ ቀለም ቀብቶ ማቅረብ ይቻላል። ጨዋው ሻጭ «ክሎን ነው» ብሎ ይናገራል። ጨዋ ያልሆነው ዝም ይላል። ቲቪ ላይ ስቱኮ የተሞላ ላሜራና ጤነኛ ላሜራ አንድ ዓይነት ነው የሚያበሩት።

አራተኛው ዕድሜ ነው። እነዚህን መኪኖች በውድ የሚገዛው ሰው በልጅነቱ ግድግዳው ላይ ፎቶውን ለጥፎ ያደገው ነው። ያ ትውልድ አሁን 70ዎቹን ይዟል። ከኋላው የመጣው ሌላ ነገር ይወዳል፤ በ2021 ላስ ቬጋስ ላይ ፋስት ኤንድ ፉሪየስ ፊልም ላይ የተነዳችው ቶዮታ ሱፕራ በ550 ሺህ ዶላር ተሸጣለች። የዛሬ 20 ዓመት ገዢው ማን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላም የብዙዎቹ መስል ካሮች ዋጋ ወርዶ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን እንታለላለን? እኔ እንደሚመስለኝ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ስሜት ነው። አዲስ አበባ መኪና ዋጋው አይወርድም። ቀረጡ ከባድ ስለሆነ ሰው ቮልስ ገዝቶ ዓመታት ነድቶ ከገዛበት በላይ ይሸጣል። መኪና ለእኛ ባንክ ነበር። እዚህ መጥተን አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣበት ቀን ዋጋው ሲወድቅ አየን፤ አልተዋጠልንም። እና ቲቪ ላይ የማይወርድ መኪና ስናይ «ይኸውልህ! መኪና ማለት እንዲህ ነው!» የሚለው የድሮ ስሜት ይነሳብናል።

ለሐራጁ ፍትሕ ልስጥ ደግሞ። አንዳንዶች «ሀብታሞች መኪናውን ከወጣቱ ቀሙት» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። ዋጋው ባይጨምር ኖሮ የዛገ ፓራፋንጎ ለማስቀጥቀጥ፣ ቴስታታ ለማስፈተሽ፣ የጠፋ ካርቡራቶር ለማፈላለግ ገንዘብ የሚያወጣ አይገኝም ነበር። አብዛኞቹ ቀልጠው ሌላ ብረት በሆኑ ነበር። የዋጋው ጉዳት ሌላ ነው፦ መኪናው ከውድነቱ የተነሳ መንገድ ላይ አይወጣም። ለሩጫ የተሠራ ነገር ምንጣፍ ላይ ቆሞ ያረጃል።

በዚህ ላይ የምወደው ምሳሌ የቡሊት ፊልሟ አረንጓዴ 1968 ማስታንግ ናት። የኪርናን ቤተሰብ በ1974 ወደ 6 ሺህ ዶላር ገዝተው ቤት አስገቧት። እናትየው አስተማሪ ነበሩ፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚነዷት እሷን ነበር። ስቲቭ ማክዊን ራሱ በ1977 ሽጡልኝ ብሎ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ አልሸጡም። በጃንዋሪ 2020 ኪሲሚ ላይ መነሻዋ 3,500 ዶላር ተብሎ ተጠራ፤ መዶሻው የመታው በ3.4 ሚሊዮን ነው፤ ከገዢው ክፍያ ጋር 3.74 ሚሊዮን። አዲስ ቀለም አልተቀባችም፣ ዝገቷም የወንበሯም ልብስ እርጅና እንዳለ ነው። ያንን ዋጋ ያመጣው የማክዊን ደብዳቤና ሰነዱ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ለማትረፍ ብለው አልገዟትም፤ ሊነዷት ነው የገዟት።

እዚህ ላይ ነው ሐራጁን እያየሁ ዝም የምለው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሞተራቸው አንድ፣ ድምፃቸው አንድ፣ ፍጥነታቸው አንድ። አንዱ ወረቀት አለው፣ አንዱ የለውም። የዋጋ ልዩነታቸው እጥፍ ድርብ ነው። ስንቶቻችን ነን እንደ ሁለተኛው መኪና የሆንን? እኔ አምስት ኪሎ ተምሬ፣ አገሬ ላይ ዓመታት ሠርቼ ነው የመጣሁት። እዚህ ስደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሞተር አልተለወጠም፤ ወረቀቱ ግን ከዚህ አገር ሻንሲ ጋር አልገጥም አለ። የሄድኩበት ቢሮ ማኅተሙን፣ ትርጉሙን፣ ግምገማውን፣ ከዚያ ፈተናውን እያለ ይደረድር ጀመር። እኔ ደግሞ የቤት ኪራይና ሕፃን ልጅ ነበረብኝ። መሪ ያዝኩ። አላፍርበትም፤ በዚያች ክራውን ቪክቶሪያ ልጅ አሳድጌባታለሁ። እሷም እኮ 4.6 ሊትር ቪ8 ነበረች፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ። መብራት ስር አቁሞ የሚጫረትባት የለም እንጂ።

ወረቀትን አልንቅም። ዓይን ስለሚታለል ነው ወረቀት የተፈለገው፤ ይህን ከሐራጁ በላይ የሚያስተምር የለም። ለዚያም ነው ዕቁብ ለወጣለት ወንድሜና ለመሰሎቹ የምለው። ነርስ ሆነህ ሽማግሌ መንከባከቢያ የምትሠራ፣ አካውንታንት ሆነሽ ፓርኪንግ ገንዘብ የምትቀበዪ፣ ኢንጂነር ሆነህ ሌሊቱን ኤርፖርት የምታነጋ፦ ያ ብር መጀመሪያ የራሳችሁን ሰነድ ያስተካክል። የትምህርት ማስረጃ ግምገማው፣ የፈተናው ክፍያ፣ ለፈተና ስትዘጋጁ ከሥራ የምትቀሩበት ሁለት ሦስት ወር። ተቆጥሮ ሲታይ ከአንድ አጠራጣሪ ሼቬል ያንሳል። ትርፉም ሐራጅ ጠሪ አይጠብቅም።

ከዚያ ተርፎ፣ መኪናውን ስለወደዳችሁት ብቻ የምትገዙ ከሆነ፣ ወረቀት የሌለውን፣ ሞተሩ የተለወጠውን፣ ማንም ሰብሳቢ የማይፈልገውን ግዙ። ዋጋው ይቀላል፣ ደስታው ያው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና ላሜራውን ንኩ፤ ስቱኮ ማግኔት አይዝም። ፍሬኑን አደራ፤ የዚያ ዘመን ሞተር እንጂ ፍሬኑ አያስመካም። ደግሞ መብራት ላይ ለመወዳደር አትሞክሩ፤ እስከ 2024 ሞዴል ድረስ የተሠራችው 301 ፈረስ ጉልበት ያላት ቪ6 ካምሪ ብዙዎቹን ታሳፍራቸዋለች። እንግዲህ ቶዮታችንን አንናቅ።

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ወይም ወረቀታችሁን አስጨርሳችሁ በሙያችሁ የገባችሁ ካላችሁ፣ መንገዱን ከታች ጻፉልን። አንድ ሰው የሄደበትን መንገድ ሌላው ሲያነበው ግማሹ ድካም ይቀልለታል። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ። እኔ ወደ ወረፋዬ ልመለስ። ሰላም አምሹ።