«ማን ይበልጣል?» ለሚል ልጅ

ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘው ከሚመጡት ጥያቄ ሁሉ እኛን አዋቂዎቹን ቶሎ የሚያነታርከን «አፄ ቴዎድሮስ ይበልጣሉ ወይስ አፄ ምኒልክ?» የሚለው ነው። አያት አንዱን ይይዛል፣ አባት ሌላውን፤ ልጁም እንደ ኳስ ቡድን መምረጥ ያለበት ይመስለዋል። እኔ የልጅ ልጆቼን መልሼ ሦስት ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ምን ተረከቡ? ምን አወረሱ? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?

አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ የተረከቡት መሳፍንት የተቀራመቱትን አገር ነው። ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖልንም እስከ መቅደላ አስጎተቱ። በ1860 ዓ.ም. እዚያው ሲሞቱ የጋፋት ሥራ ተረካቢ አጣ። አገሩን አንድ የማድረግ ሐሳባቸው ግን ተከታይ አላጣም።

አፄ ምኒልክ በልጅነታቸው ከሸዋ ተወስደው አሥር ዓመት ያህል በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ያደጉ ናቸው። ንጉሡ ልጃቸውን አልጣሽን ሳይቀር ድረውላቸው ነበር። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ ከአፄ ዮሐንስ በኋላም በ1882 ዓ.ም. ነገሡ። ከ1888ቱ የዓድዋ ድል ሌላ፣ በ1898 ዓ.ም. ባንክ፣ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሚኒስትሮችና ዘመናዊ ትምህርት ቤት መጡ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ እሳቸው ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሥራው ያለ እሳቸውም መቀጠል ችሎ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ቤት የሚዘለለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠሉት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ የወላይታ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ምራቴ ወላይታ ናት። ከአያቷ የሰማችውን ስታወራ ማዕድ ላይ «ይህን አታንሺ» የሚላት የለም፤ እኔም ከጎንደር ወገኖቼ የሰማሁትን እጨምራለሁ። የልጅ ልጆቻችን የሁለታችንም ናቸው። አንደኛችንን ዝም ካሰኘን ከልጆቹ ላይ ግማሽ ዘር ቆረጥን ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሰማ ልጅ በዓድዋ ከመኩራት አይቦዝንም። የኔዎቹ የካቲት 23 ሲደርስ ከማንም ቀድመው ነው የሚለብሱት። ስለዚህ ጥያቄው እናንተም ቤት ሲነሣ ለመፍረድ አትቸኩሉ። በእናትም በአባትም በኩል ያሉትን አያቶች አንድ ላይ አስቀምጡና ልጁ ራሱ ይጠይቃቸው።