ከግራፊን በፊት ወንጂ

ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በኢዳይና ከተማ፣ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ፋብሪካ አለ። ሥራው ውኃን ከጨው የሚለይ ሜምብሬን ማምረት ነው። የቴክኖሎጂው መነሻም እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጆን ካዶት በሚኒያፖሊሱ የኖርዝ ስታር የምርምር ተቋም በስስ ሜምብሬን ላይ ይመራመር ነበር፤ በ1977 የተመሠረተው ፊልምቴክ ደግሞ የእርሱን የፖሊአማይድ ሜምብሬን ለገበያ አበቃው። ዛሬ የዓለም የጨው ማስወገጃ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ይህንኑ ዓይነት ሜምብሬን ነው።

ታዲያ በዚህች ከተማ የምንኖር ባለሙያዎች ስለ አገራችን ውኃ ስንነጋገር፣ ዓይናችን ገና በሰፊው ሥራ ላይ ያልዋለውን ግራፊን የሚያማትረው ስለ ምንድን ነው?

ግራፊን የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው። በ2004 በማንቸስተር የለዩት አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2010 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በ2012 የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች፣ በልኩ የተበሳ ግራፊን ጨውን አግዶ ውኃን ካሁኑ ሜምብሬኖች እጅግ በበለጠ ፍጥነት ሊያሳልፍ እንደሚችል በኮምፒውተር ስሌት አሳዩ። ስሌቱን አልክድም፤ የምሞግተው ከስሌቱ የተቀዳውን ተስፋ ነው።

ከባሕር ውኃ ግማሹን ንጹሕ ለማድረግ የተፈጥሮ ሕግ ራሱ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ዘመናዊ ጣቢያዎች በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ይፈጃሉ። ከትርፉ ብዙው የሚወጣው ውኃውን ለመሳብና አስቀድሞ ለማጣራት ነው፤ ሜምብሬኑ ቢፈጥን ይህ ወጪ አይቀርም። ግራፊን ፖሊአማይድን የሚጎዳውን ክሎሪን ከተቋቋመ እውነተኛ ጥቅም ይኖረዋል፤ የኢትዮጵያን ጥማት የሚያረካው ግን እርሱ አይደለም።

ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። የእኛ መከራ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂ የስኳር ልማት አካባቢ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። የልጅን ጥርስ የሚያበልዘው፣ ለዓመታት ሲጠጡትም አጥንትን አበላሽቶ ወገብን የሚያጎብጠው ይኸው ውኃ ነው። የወንጂ ሠራተኞች ሕመም በሕክምና ጽሑፎች ከተመዘገበ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

መላ ጠፍቶ አይደለም። የአጥንት ከሰል፣ አክቲቬትድ አሉሚና፣ በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራው የናልጎንዳ ዘዴ፣ ሁሉም በአገራችን ተሞክረዋል። የኢዳይናውን የመሰለ ሜምብሬንም ፍሎራይድን ያግዳል፤ ነገር ግን የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይሻል፣ ፍሎራይድ የተከማቸበት ዝቃጭ ውኃም ይተርፈዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ፓምፑን የሚጠግን፣ ያረጀውን ማጣሪያ የሚተካ፣ ዝቃጩ የት እንደሚወገድ የሚወስን፣ ደመወዙም በየወሩ የሚከፈለው ሰው ነው።

ለዚህ ሰው ገንዘብ ማሰባሰብ ሪባን እንደ መቁረጥ አያስጨበጭብም። አዲስ ቴክኖሎጂ ማድነቅ ይቀላል፤ የሰጪውን ስም ያስጠራል፣ ተጠያቂነቱንም ወደ ነገ ይገፋል። ወንጂ ላይ ዛሬ ማሰሮዋን የምትሞላ እናት ግን ነገን አትጠጣም።

ስለዚህ ለውኃ ፕሮጀክት ገንዘብ ስንጠየቅ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ከአምስት ዓመት በፊት የተተከለው ማጣሪያ ዛሬ ይሠራል ወይ? ከእርሱ የሚቀዳው ውኃስ በሊትር ስንት ሚሊግራም ፍሎራይድ አለው? መልስ ለሌለው ፕሮጀክት፣ ግራፊን ቢለብስም እንኳ፣ ቼክ አንፈርም።