በእንቅርት ላይ ስኳር

“በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” የሚለው አባባል ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ እንቅርት በደጋው ኢትዮጵያ ለዘመናት ከሰው አንገት ያልጠፋ እንግዳ ነበርና። ዛሬ አባባሉን በጥያቄ መልክ ልናነሣው እንወዳለን። ለመሆኑ በእንቅርት ላይ የስኳር በሽታ ይጨመር ይሆን?

ጥያቄውን ያጫሩብን ዛሬ ፈርሶ በታሪክ በቀረው ዶሮ ማነቂያ ያሳደጉን አክስታችን ናቸው። በልጅነታቸው እንቅርት እንዳይወጣባቸው ተብሎ አንገታቸው ተነቅሷል፤ እንቅርቱ ግን ንቅሳቱን አልፈራውም። ኋላም ክብደት ጨመሩ፤ በፒያሳ ቀትር ፀሐይ ጋቢ ደርበው “በረደኝ” ይሉ ጀመር። ከዓመታት በኋላ ስኳር ተገኘባቸው። ስለ አንገታቸው የጠየቃቸው ሐኪም አልነበረም። እርግጥ አንድ ነጥብ መስመር አይሠራም፤ ይህንንም ለተማሪዎቻችን ዘወትር የምንነግራቸው እኛው ነን። ስለዚህ ብዙ ነጥቦች ወዳሉበት እንሂድ።

በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው ጥናት 8,452 ሰዎችን በአማካይ ስምንት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሏል። ከእነዚህም 798ቱ የስኳር በሽታ ያዛቸው። የታይሮይድ ዕጢያቸው ሥራ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። እኛን ያስደነቀን ግን ሌላው ነው። በቅድመ ስኳር ደረጃ ላይ ከነበሩት መካከል፣ የታይሮክሲን ሆርሞናቸው “ኖርማል” በሚባለው ክልል ውስጥ ሆኖ ወደ ታች ያዘነበለባቸው ሰዎች ለበሽታው የመዳረግ ዕድላቸው 35 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጉት ግን 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። “ኖርማል” ማለት ስታቲስቲክስ ያሰመረው ክልል እንጂ ተፈጥሮ የገነባችው ግንብ አይደለም።

ምክንያቱ በከፊል ይታወቃል። ሆርሞኑ ሰውነት ነዳጁን የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ይወስናል። ሲያንስ ጡንቻ ስኳርን ከደም የመሳብ ችሎታው ይቀንሳል፤ ሰውነትም ለኢንሱሊን እንደ ወትሮው አይታዘዝም። ሲበዛ ደግሞ ጉበት ስኳርን ወደ ደም አብዝቶ ይለቅቃልና ይህም ጤና አይሆንም። በአንጎል ግርጌ የሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ እንደ ካውያ የሙቀት መቆጣጠሪያ ይህን ሁሉ ይጠብቃል። ታይሮክሲን ጥቂት ሲጎድል ፒቱታሪ ቲኤስኤች የተባለውን መልእክተኛ በብዙ እጥፍ ያበዛል፤ እንዲህ ያለ ማጉያ በቤተ ሙከራችን ቢኖረን በታደልን ነበር! በመሆኑም ቅድመ ስኳር ለተገኘበት ሰው አንገቱን መዳሰስና ቲኤስኤችን አንድ ጊዜ መለካት ተገቢ ነው እንላለን። ሁሉም ሰው ይመርመር ማለታችን ግን አይደለም።

የሮተርዳምም ቁጥር እንዳለ ለአራዳ አይሠራም፤ የእኛ ሰው የአዮዲን ታሪክ ሌላ ነውና። አንዲት የታይሮክሲን ሞለኪውል አራት የአዮዲን አቶሞች ትሻለች። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል፤ ነገር ግን ዝናብ ያጠበው የደጋ አፈር ይህችንም ይነፍጋል። ከጣልያን ወረራ በፊት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ በነበረው የአራዳ ገበያ አሞሌ ጨው ሸቀጥ ነበር፤ አዮዲን ግን አይጨመርበትም ነበር። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤተሰብ በ15ቱ ቤት ሲሆን፣ በ2016 ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሏል። ታላቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ አዮዲን መኖሩ መጠኑ በቂ ነው ማለት አይደለም፤ እርጥበትና ሙቀት ያሳንሱታል። አዮዲን ያለው ጨው ስኳርን ይከላከላል አላልንም፤ ጨው አብዝታችሁ ብሉ ማለትማ ከቶ አይገባም። የምንለው ለታይሮይድ የሚገባው ይድረሰው ነው።

ከአራት ኪሎ ቤተ ሙከራችን እስከ ፒያሳ ሱቆች የእግር መንገድ ነው። ሶዲየም ታዮሰልፌትና ስታርች ያለው ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ የብዙ ሱቆችን ጨው በታይትሬሽን መለካት ይችላል። አክስታችን ዛሬ በከተማው ዳር በኮንዶሚኒየም ይኖራሉ፤ ጨዉን የሚያስቀምጡት ክዳን በሌለው ጣሳ ከምድጃው አጠገብ ነው። የመጀመሪያውን ናሙና እኛ ከዚያ እናመጣለን።